የተሰበረ እጅ የማን ነው?

 

ጤነኛ ሰው ስለ እጁ አያስብም። እጁ ሲሰበር ግን ሌላ ነገር ማሰብ ያቅተዋል። እኔም በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከብስክሌት ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ በተሰበረ ጊዜ «እጄ፣ እጄ» ስል ከረምሁ። ይህ እጅ በእርግጥ የኔ ነው ወይ ብዬ የጠየቅሁት ግን ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ጥያቄው የኔ ብቻ አይመስለኝም። በየከተማችን ስንቱ ወንድም ከብስክሌት ወይም ከሞተር ወድቆ ይሰበራል! ስንቱስ ሳይድን ተነስቶ ራሱን ዳግም ይጎዳል! ስንቱስ ደግሞ ከዳነ በኋላ በፍርሃት ታስሮ ይቀራል!

ፍሬኑን ያላየ መንገደኛ

አጎቴ የሚኖረው በላይ ጋይንት፣ ከነፋስ መውጫ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። ነፋስ መውጫን የሚያውቅ ያውቃታል። ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ ስሟን የሚመስል ከተማ ናት። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ትከሻ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በመካከሏ ያልፋል። ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ የሚወርደው መንገድም ከዚያው ይገነጠላል።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ለነዋሪዋ ብስክሌት ማለት እግሩ ነው። ሜዳ ላይ ብስክሌት የለመደ ሰው ግን የጋይንት ቁልቁለት ምን እንደሆነ አያውቅም። አጎቴን ልዘይር በሄድሁ ጊዜ የልጁን ብስክሌት ተውሼ አስፋልቱን ይዤ ቁልቁል ወረድሁ። ልጁ ገና ስነሳ «ወንድም ጋሼ፣ የኋላው ፍሬን አልቋል» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ «አላህ ይጠብቃል» ብዬው ሄድሁ።

ቃሉ እውነት ነው፤ አላህ ይጠብቃል። በዚያን ዕለት ግን ቃሉን ለስንፍናዬ መሸፈኛ አደረግሁት። የፍሬኑን ጎማ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ከተራራው የወረደ ጠጠር አገኘኝ። የፊቱን ፍሬን ሳጠብቀው ጎማው ተንሸራተተ። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋልና የሰውነቴ ክብደት ሁሉ በተዘረጋው መዳፌ ላይ አረፈ።

ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ በየሚንበሩ ሰምቼዋለሁ። ለሌላውም ነግሬበታለሁ። ያለቀ ፍሬን ያልታሰረ ግመል መሆኑ ግን የገባኝ መንገድ ላይ ተዘርግቼ ነው። ተወኩል ሰበብን ካደረሱ በኋላ የሚመጣ የልብ ዕረፍት ነው። ሰበቡን ጥሎ ተወኩልን የሚጠራ ሰው አላህን እየተፈታተነ መሆኑን አይገነዘብም።

ወጌሻና ራጅ

መንገድ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ደርሰው አነሱኝ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረባቸው፤ ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም። ይህ የዚያ አገር የቆየ ወግ ነው። መኪና ባልደረሰበት ዘመን ከስማዳና ከእስቴ ገጠሮች በሽተኛ በቃሬዛ ሆኖ፣ ተሸካሚው እየተቀያየረ፣ ገደልና ወንዝ ተሻግሮ ነበር ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው የጎረቤቱን አካል ለጊዜው የራሱ ኃላፊነት አድርጎ ይዞታል ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

ቤት ስንደርስ ክርክር ተነሳ። አጎቴ ወጌሻ ይጠራ አለ። ባለቤቱ ደግሞ «እጁ እንዲህ አብጦ ምኑ ይታሻል? ሐኪም ይየው እንጂ» አለች። የርሷ ሐሳብ አሸነፈና በማግስቱ ደብረ ታቦር ወርደን ራጅ ተነሳሁ። አጥንቱ ተሰብሮ ጥቂት ተዛንፎ ነበር። ሐኪሙ አስተካክሎ በጀሶ አሰረልኝ፤ ስድስት ሳምንት እንዲቆይም አዘዘ።

ወጌሻን ለማንኳሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። በአገራችን ከአባት የወረሱት ጥሩ እጅ ያላቸው ወጌሾች አሉ፤ ሐኪም በሌለበት ቦታ ሕዝቡን ያገለገሉትም እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በዚያን ጊዜ በሸምበቆና በገመድ ጥብቅ አድርገው ካሰሩት ዕብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ደም መመላለስ ይሳነዋል፣ ሥጋውም ይሞታል። በአገራችን ሆስፒታሎች ስብራቱ በራሱ የማያስቆርጠው እጅና እግር በእስሩ ምክንያት የተቆረጠባቸው ልጆች ይገኛሉ። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ በእስሩ ምክንያት ከበረታ እስሩ ሳይውል ሳያድር መላላት አለበት። ይህ የዛሬ ዕውቀት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፉት ሙስሊሙ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፋቸው የስብራት ድጋፍ ዕብጠቱ እስኪበርድ ጥቂት ቀናት እንዲዘገይ መክረዋል። የኛው ዑለማ ከሺህ ዓመት በፊት የጻፉትን እኛ ዛሬ ብንዘነጋው ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ ሐዲስ በዚህ ላይ ሁሌም ይታወሰኛል። በጉዞ ላይ ራሱን በድንጋይ የተፈነከተ አንድ ሰው ሌሊት ጀናባ አገኘው። ባልደረቦቹን ቢጠይቅ ውኃ እያለ ተየሙም አይፈቀድልህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ እነርሱ እንደገደሉት ተናገሩ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም፣ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ ነው አሉ። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። እነዚያ ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም፤ በቅን ልብ ያልተማሩትን ፈረዱ። የሰው አካል ግን በቅን ልብ ብቻ አይጠበቅም።

ስድስቱ ሳምንታት

ቀኝ እጁ የታሰረ ሙስሊም ኑሮው ሁሉ ይለወጣል። በቀኙ መብላት አይችልም። ዉዱእ ማድረግ ይቸግረዋል። ሱጁድ ሲወርድ አንድ መዳፉ መሬት አይነካም። በግንባር፣ በሁለት እጆች፣ በሁለት ጉልበቶችና በሁለት እግሮች ጫፍ ሱጁድ ማድረግ መታዘዙን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ከሰባቱ የኔ ስድስት ሆኑ። መጀመሪያ ላይ ይህ እጅግ ከበደኝ፤ ሶላቴ ጎዶሎ መሰለኝ።

አንድ የሰፈራችን ሸይኽ ግን በዕውቀት አረጋጉኝ። በጀሶ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስን የፊቅህ ሊቃውንት መፍቀዳቸውን፣ በዝርዝሩ ግን በመዝሀቦች መካከል ልዩነት በመኖሩ የተያዘበትን ሁኔታ እያዩ መጠየቅ እንደሚገባ ነገሩኝ። ከዚያም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ አስታወሱኝ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሳሉ ከፈረስ ወድቀው ቀኝ ጎናቸው ተላልጦ ነበር። የጃቢር (ረ.ዐ) ዘገባ እግራቸው መጎዳቱንም ይገልጻል። ሰሓባዎች ሊጠይቋቸው ሲመጡ ተቀምጠው ሲሰግዱ አገኟቸው። ኢብን ሒባን ይህ በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ እንደሆነ ይናገራሉ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ጤነኛ ሆነን ስናነበው ስለ ኢማምና ማእሙም የሚያስተምር አንድ የፊቅህ ምዕራፍ ብቻ ነው። የወደቀ ሰው ሲያነበው ግን ሌላ ነው። ከፍጡራን ሁሉ በላጩ ወድቀው ነበር! ተጎድተው ነበር! መቆም ባልቻሉበት ቀን ቆሜ ካልሰገድሁ አላሉም፤ ተቀመጡ። ሲድኑም ተቀምጠው አልቀሩም፤ ተነሱ። ወደ ግልቢያቸውም ተመለሱ፤ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሑነይን ዕለት ብዙ ሰው ሲሸሽ እርሳቸው በበቅሏቸው ላይ ሆነው ወደ ጠላት ይገሰግሱ ነበር። ለመቀመጥም ለመነሳትም ጊዜ አለው። ጥበቡ የትኛው ቀን የመቀመጫ፣ የትኛው የመነሻ እንደሆነ መለየት ላይ ነው።

ሌላም ትልቅ ብስራት አለ። አንድ ባሪያ ሲታመም ወይም ሲጓዝ፣ በጤናውና በአገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት ቡኻሪ ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ይህ ለበሽተኛ ማጽናኛ ነው፤ ለጤነኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በጤናው ቀን ምንም የማይሠራ ሰው በሕመሙ ቀን ምን ይጻፍለታል?

የችኮላ በሽታ

ጀሶው በስድስተኛው ሳምንት ተፈታ። ከሥሩ የወጣውን እጅ ሳየው ደነገጥሁ፤ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ ቆዳው ተቀርፎ የሽማግሌ እጅ መስሎ ነበር። ሐኪሙ አላስደነገጠውም። የማይንቀሳቀስ ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይመነምናል አለኝ። ጣቶቼን በየቀኑ እንዳፍታታ፣ በለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንጓዬን እንዳንቀሳቅስ፣ ለስላሳ ኳስ እንድጨብጥ፣ ከባድ ነገር ግን ለጊዜው እንዳላነሳ ነገረኝ።

በሁለተኛው ሳምንት በሰፈራችን መስጊድ የግንባታ ሥራ ነበር። ወንድሞች ሲሚንቶ ሲያወርዱ ቆሜ ማየት አቃተኝ። ኸይር ሥራ ነው ብዬ ገባሁና አንድ ከረጢት ያዝሁ። አሁን ሳስበው ከኸይሩ ጋር ሌላ ነገር ተቀላቅሎ ነበር፤ ድኗል፣ ጠንካራ ነው እንዲባልልኝ እፈልግ ነበር። ማታውን አንጓዬ አብጦ አደረ። ወደ ሐኪም ተመለስሁ። አጥንቱ ባይሰበርም ሌላ ሦስት ሳምንት እጄን ማሳረፍ ግድ ሆነብኝ።

የተሰበረ አጥንት የሚጠገንበት ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ለስላሳ መጋጠሚያ ይፈጠራል። ከዚያ በሚከተሉት ሳምንታት መጋጠሚያው ይጠነክራል። ወደ ቀድሞ ቅርጹና ብርታቱ ለመመለስ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ጀሶ ተፈታ ማለት እንግዲህ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ይህን ሥርዓት ያበጀው አላህ ነው። ሰው ስለቸኮለ አይፋጠንም፤ ሲጋራ የሚያጨስ ግን ያዘገየዋል።

ያን ጊዜ ነው የማን ነው የሚለው ጥያቄ የመጣብኝ። እጁ የኔ ንብረት ቢሆን ኖሮ እንደፈለግሁ ባደርገው ማን ይጠይቀኛል? ግን እጠየቃለሁ። በቂያማ ቀን የአደም ልጅ ከሚጠየቅባቸው ነገሮች አንዱ አካሉ መሆኑን፣ በምን እንዳሳለፈው እንደሚጠየቅ ቲርሚዚ ከአቡ በርዛህ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቀን እየጾሙ ሌሊቱን እየቆሙ ሰውነታቸውን ባደከሙ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አካላቸው በእርሳቸው ላይ ሐቅ እንዳለው አሳውቀዋቸዋል። ልብ በሉ፤ ዐብዱላህ ሰውነታቸውን ያደከሙት በዒባዳ ነበር። ለዒባዳ እንኳ አማናን ማጉደል ካልተፈቀደ ለይዩልኝ እንዴት ይፈቀዳል?

ፍርሃት የተቅዋ ልብስ ሲለብስ

ከዚያ በኋላ ተቃራኒው ደረሰብኝ። እጄ ዳነ። ሐኪሙም እንደ ቀድሞህ ሁን አለኝ። እኔ ግን ወደ ብስክሌት አልቀረብሁም። ለጠየቀኝ ሁሉ «አላህ ያስጠነቀቀኝ ነገር ነው፤ ቀደር ነው» እል ነበር። ሰሚውም ማሻአላህ ይላል። ቀስ በቀስ የማለዳ እርምጃዬንም ተውሁ። በዒሻ ሰዓት ወደ መስጊድ በእግሬ የምሄደውን በባጃጅ አደረግሁት። ሰውነቴ ከበደ፣ እንቅልፌ ተበላሸ።

ይህ ተቅዋ ነበርን? አልነበረም። ፍርሃት ነበር፤ የተቅዋ ልብስ የለበሰ ፍርሃት። ቀደርን ማመን ባለፈው ነገር ላይ ልብን ማሳረፍ ነው እንጂ ለሚመጣው ሥራ መቀመጫ ሰበብ አይደለም። ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው የተሻለና አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጅ መሆኑን፣ በሁለቱም ግን ኸይር እንዳለ ገልጸዋል። ቀጥለውም ሰው የሚጠቅመውን እንዲጓጓለት፣ በአላህ እንዲታገዝ፣ እንዳይሰንፍ አዘዋል። አንድ ነገር ሲደርስበትም እንዲህ ባደርግ ኖሮ እያለ እንዳይቆጭ ከልክለዋል። እኔ ከዚህ ሐዲስ የመጨረሻውን ይዤ የመጀመሪያውን ጥዬ ነበር።

የአጥንትም ተፈጥሮ ይህንኑ ይመሰክራል። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳስረዳው፣ አጥንት በሚሸከመው ጭነት መጠን ራሱን ይገነባል። ጭነት ሲያጣ ይሳሳል። ያለ መጠን የተጫነ ይሰበራል፤ ፈጽሞ ያልተጫነም ይደክማል። የሚቸኩለው ሰውና የሚፈራው ሰው የተለያዩ ይመስላሉ። ስሕተታቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም አማናውን የግል ንብረታቸው አድርገውታል። አንዱ ያባክነዋል፣ ሌላው ይቀብረዋል።

የታሰረው ብስክሌት

በዚያው ዓመት ነሐሴ ለዒደል አድሓ ዝየራ ወደ አጎቴ ቤት ተመለስሁ። ብስክሌቱ ከእህል ጎታው ጀርባ በሰንሰለት ታስሮ፣ አቧራ ለብሶ አየሁት። ምን ሆነ ብዬ ብጠይቅ አጎቴ «አንተን ያን ያህል የጎዳህን ነገር ልጄ እንዲነዳው ልፍቀድ? ነገ ቢሰበርብኝስ?» አለኝ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ብርድ አንድ ሰዓት ከግማሽ እየተጓዘ ነበር ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ማታም እንዲሁ። ከኔ ፊት አንድ ቃል አልተናገረም፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ከስብራቱ ይልቅ ይህ አመመኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ፍሬኑ ማለቁን የነገረኝም እርሱ ነበር። እኔ ያልነገርኳቸው እውነት፣ እኔ ያልታከምሁት ፍርሃት የአንድን ልጅ እግር አስሮ ከረመ። ሰው ሲፈራ ብቻውን የፈራ ይመስለዋል። ነገር ግን የሚያዩት ልጆች አሉ፣ የሚሰሙት ወላጆች አሉ። ቅድም ያነሳሁት ቃሬዛ ትዝ አለኝ። ሰዎች የኔን አካል ተሸክመው ነበር፤ እኔ ግን ፍርሃቴን በሌላው ላይ ጫንሁት። ለአጎቴ በዚያው ሌሊት እውነቱን ነገርሁት። ባሕር ዳር ስመለስም ሥራዬን ጀመርሁ።

አመላለሴ ጀግንነት የለበትም። ከፈጅር ሶላት በኋላ ለሁለት ሳምንት በእግሬ ብቻ ተራመድሁ። ከዚያ ብስክሌቱን በቆመበት ማሽከርከር፣ ቀጥሎ በሜዳው ላይ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ሐኪም የነገረኝን አንድ መለኪያ ያዝሁ፤ ከእንቅስቃሴ በኋላ የመጣ ሕመም በማግስቱ ጠዋት ከሌለ እቀጥላለሁ፣ ካደረ ወይም ካበጠ ቀንሼ አርፋለሁ። የራስ መከላከያ ቆብ ገዛሁ። አላህ ከሥራዎች ሁሉ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረውን እንደሚወድ የሚያስተምረው ሐዲስ ለአካልም ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። መመለስ ማለት ሁሌ ወደ ነበሩበት መመለስ አይደለም። አበበ ቢቂላን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ድኖ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸነፈ። በ1969 ግን በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ታከመ፤ እግሮቹ አልተመለሱም። እርሱ ግን በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተሳተፈ። የመጀመሪያው መመለስ ዓለምን አስጨበጨበ። እኔ ግን ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ያጣውን እግር እየቆጠረ አልተቀመጠም፤ በቀረለት እጅ ሠራ። ስለዚህ ይህን የምታነብ ወንድሜ ወይም እህቴ፣ ሐኪም እንደ ቀድሞህ አትሆንም ብሎህ ወይም ብሎሽ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለመውቀስ አልተጻፈም። አላህ በአንካሳም በበሽተኛም ላይ ኃጢአት እንደሌለ በቁርኣኑ ደንግጓል። ጥያቄው የቀረው አማና የት ዋለ የሚለው ብቻ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ አዲስ የፍሬን ጎማ ገዝቼ ወደ ነፋስ መውጫ ሄድሁ። ከልጁ ጋር ሆነን ቀየርነው። አጎቴ ቆሞ እያየ እኔው ራሴ ነዳሁት፤ እስከ ጠመዝማዛው ድረስ ቀስ ብዬ ወርጄ በሰላም ተመለስሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ልቤ ይመታ ነበር። ስመለስ አጎቴ ምንም አላለኝም። ብስክሌቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ፍሬኑን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸ። ከዚያ ለልጁ «በየሳምንቱ ጁሙዓ እኔ ሳላየው አትነሳም» አለው። ሰንሰለቱን ወደ ውስጥ አስገባው። የተወኩልን ትርጉም ከዚያ የተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ከዚያ ለዙህር ተነሳን። ሱጁድ ስወርድ ቀኝ መዳፌ ምንጣፉ ላይ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አረፈ። ይህ እጅ ለጥቂት ጊዜ ተውሰነው የያዝነው፣ ባለቤቱ በቀጠረው ቀን የሚወስደው ነው። እስከዚያ ድረስ ሳናባክነውም ሳንቀብረውም እንድንጠብቀው አላህ ይርዳን። ለተሰበሩት ጥገናን፣ ለታመሙት ሺፋን፣ ለፈሩት ልብን ይስጥልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።